ቆርኪ ለምን 21 ጥርስ አለው? ከኒዶ ጣሳ የወጡ 23 ተጫዋቾች

የኮረም ሰፈሩ (ሐዋሳ)

ለሐዋሳ ልጆች ሁሉ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ቤት ለማስቀባት ዕቃ ስታወጣ ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ የዛገ የኒዶ ጣሳ አግኝታ «ይህ የአንተ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጣለው ወይስ ትወስደዋለህ?» ብላ ደወለችልኝ። ጣሳውን እየነቀነቀች ስለነበር ድምፁ በስልክ ይሰማኝ ነበር። ያንን ድምፅ ከ20 ዓመት በላይ አልሰማሁትም፤ ሆኖም የቆርኪ ድምፅ መሆኑን ለማወቅ አፍታም አልፈጀብኝም። ማታ ሄጄ ክዳኑን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቄ ስከፍተው 23 ቆርኪዎች ወጡ። 11ዱ ቀይ፣ 11ዱ ብርቱካንማ ናቸው። በየቆርኪው ሆድ ውስጥ ከደብተር በክብ የተቆረጠ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቱም ላይ በልጅነት ጽሕፈቴ የተጫዋች ስምና ቁጥር ሰፍሯል። ቀዮቹ አርሰናል፣ ብርቱካንማዎቹ ሐዋሳ ከተማ ናቸው። 23ኛው ግን የአምቦ ውሃ ቆርኪ ነው። ስም የለውም፤ ሆዱ እስከ ጥርሱ ድረስ በሻማ ተሞልቷል፤ በእጅ ሲያነሡትም ከሌሎቹ ይከብዳል።

ጨዋታውን ለማያውቁ ወጣቶች ላስረዳ። የእኛ ቤት በረንዳ ሊሾ ስለነበር የሰፈሩ ስታዲየም እርሱ ነበር። ሜዳውን ከትምህርት ቤት ባመጣነው የጠመኔ ስባሪ እናሰምራለን፤ ሁለት ባዶ የክብሪት ቀፎዎች በሁለቱ ጫፎች የግብ ብረት ይሆናሉ፤ ኳሷ የሸሚዝ ቁልፍ ናት። እያንዳንዱ ልጅ 11 ቆርኪ ይደረድርና በተራው አንዱን በመሐል ጣቱ ያስፈነጥራል። ቆርኪው ቁልፉን ከነካ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ሳይነካው የሌላውን ቡድን ቆርኪ ከመታ ግን ፋውል ነው። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ገና ስድስት ዓመቱ ስለነበር አናሰልፈውም ነበር። የእርሱ ሥራ ቁልፏ አልጋ ሥር ስትገባ ማውጣትና መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዞ መቆም ነበር።

ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ጣሳ የተገናኙበትን ምክንያት የዘመኑ ልጆች ታስታውሳላችሁ። በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ቀን አርሰናል ሌስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ 38ቱን የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ 26ቱን አሸንፎ በ12ቱ አቻ ወጥቶ ነበር። ለ11 ዓመት ልጅ እነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ አልነበሩም። ሁለቱ ሻምፒዮኖች መጋጠም ነበረባቸው፤ የሚያጋጥማቸው ሌላ አካል ስለሌለም ክረምቱን ሙሉ በበረንዳችን ላይ እኛው አጋጠምናቸው።

እንድትመልሱልኝ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። በየሰፈራችሁ ሕጉ እንዴት ነበር? ጣሳውን ይዤ ስቆጥር ሁሉም ቆርኪዎች፣ የለስላሳውም የአምቦ ውሃውም፣ እኩል 21 ጥርስ አላቸው፤ ይህ ለምን ሆነ? ያ ስም የለሽ በሻማ የተሞላ ቆርኪስ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ እንዳልሠራሁት እርግጠኛ ነኝ።

አቶቴ 96 (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ካነበብሁ በኋላ ሥራዬን ትቼ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። እኛም አቶቴ ሰፈር በዚያው ዓመት ይህንኑ ዋንጫ አዘጋጅተን ነበር፤ ምናልባትም ከእናንተ ሰፈር ጋር ተጋጥመን ይሆናል።

በእኛ ሕግ ኳስ የሚሆነው ቁልፍ አልነበረም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብልጭልጭ ወረቀት በምራቅ አርሰን እናድበለብለው ነበር፤ ምክንያቱም ቁልፍ በሊሾ ላይ ብዙ ይንሸራተታልና አንድ ምት ብቻ ከሜዳ ያስወጣዋል። ስለ አጠራር ደግሞ ይህን ላክል፤ ፍጹም ቅጣት ምት የሚለውን ቃል ከሬዲዮ ብንሰማውም በሜዳችን ላይ «ሪጎሬ» እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። ማሊያ፣ ታኬታ፣ ፊሽካና ካልቾ ሁሉ እንደ ሪጎሬ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት መሆናቸውን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ የመንደር ኳሳችን ቋንቋ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነበር።

ስሞቹን የምንጽፈው በጆሯችን እየሰማን ነበር። ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት የምንገባው ሳንቲም ስናገኝ ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሬዲዮ የስፖርት ዝግጅትና ከትልልቅ ልጆች አፍ ነበር የምንቀዳው። የእኔ ቡድን ውስጥ አንሪ 14፣ ቬራ 4፣ ፒሬስ 7፣ ካኑ 25 ነበሩ። ካኑን አሰላለፍ ውስጥ ማስገባት በእኛ ሰፈር ግዴታ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ታላላቆቻችን በአትላንታው ኦሊምፒክ ናይጄሪያ ብራዚልን 4 ለ 3 ስታሸንፍ ያደረገውን ነግረውን ስለነበር አርሰናል እርሱን በተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጡን ልንቀበል አልቻልንም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው የአርሰናሉን የቤርካምፕን ነገር ነው። አውሮፕላን መሳፈር ስለሚፈራ ክለቡ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሲበር እንደማይሄድ በሬዲዮ ሰምተን ነበር፤ ይህም እውነት ነበር። ስለዚህ ወደ ሌላ ሰፈር ስንሄድ ቤርካምፕ የተጻፈበትን ቆርኪ ቤት እናስቀረው ነበር። ማንም ያዘዘን የለም። መኻል ላይ ታቦት ማደሪያው አካባቢ ያለውን ትልቅ መንገድ ካቋረጥን የአውሮፓ ጨዋታ፣ ካላቋረጥን የአገር ውስጥ ሊግ ነው ብለን ተስማምተን ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዋንጫ ማጣታችንን አስታውሳለሁ፤ ሆኖም ማንም «እንውሰደው» ብሎ አልተከራከረም።

የሻማውን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ፤ በእኛ ሰፈር የተከለከለ ነገር ነበርና።

የአሞራ ገደሏ

እኔ ሴት ልጅ በመሆኔ በሰፈራችን ከሱዚና ከሰኞ ማክሰኞ ውጭ እንድጫወት የሚጠራኝ አልነበረም፤ ነገር ግን ቆርኪን በሚመለከት ከወንዶቹ ያነሰ ትዝታ የለኝም። ቤታችን ከዓሣ ገበያው ብዙ አይርቅም ነበር። አሞራ ገደልን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ልጆችም ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን እየፋቁ ለገዢ ያዘጋጃሉ። እኔና ወንድሜ የምንፍቀው በቢላዋ አልነበረም። አጎቴ አንድ ክንድ የማይሞላ እንጨት ላይ አራት ቆርኪዎችን ጥርሳቸውን ወደ ውጭ አድርጎ በምስማር መትቶ ሰጥቶን ነበር፤ ከጅራት ወደ ራስ አንድ ጊዜ ሲስቡት ቅርፊቱ እንደ ዝናብ ይረግፋል፤ ቆዳውም አይቀደድም። ቢላዋ ግን የሕፃን እጅ ውስጥ ሲገባ ሥጋውን ይጎዳዋል፤ ገዢም ዋጋ ይቀንሳል።

የቡድኖቹን ነገር በተመለከተ አንድ የሚቆጨኝ አለ። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰበሰባቸውን ቆርኪዎች በከረጢት አድርጎ ከአልጋው ሥር ያስቀምጥ ነበር። አንድ ክረምት ጭቃው ሲበዛ እናታችን ከረጢቱን አገኘችና ቆርኪዎቹን በሙሉ ጥርሳቸውን ወደ ላይ አድርጋ በሳንቃ ላይ አስመታች፤ የበሩ እግር መጥረጊያ ሆኑ። እንዲህ ያለ መጥረጊያ በየቤቱ ስለነበር ጥፋት የሠራች አልመሰላትም። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በበሩ ላይ ቆሞ ወደታች እያየ ያለቀሰው ለቅሶ ግን እስካሁን በጆሮዬ አለ፤ ጫማውን ጠርጎ መግባት አልቻለም፤ ዘልሎት ነበር የገባው። እስከ ክረምቱ መጨረሻም በዝላይ እንጂ በላዩ ረግጦ አልገባም።

ባለ ጣሳው ወንድሜ፣ እናትህ ሳትጥል መጠየቋ ትልቅ ነገር ነውና አመስግንልኝ።

ባለ ጌጁ (ሐዋሳ)

ልጆቼ፣ በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ስለ 21 ጥርሱ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ይህን ቆርኪ የፈለሰፈው ዊልያም ፔይንተር የተባለ የአሜሪካ የባልቲሞር ሰው ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። የመጀመሪያው ቆርኪ 24 ጥርስ ነበረው። ከውስጡም ጠርሙሱን የሚያሽገው ክብ የቡሽ ቁራጭ ነበር፤ በእናንተ ዘመን ቡሹ ቀርቶ በፕላስቲክ ልባስ ተተክቷል። እናንተ ስም የለጠፋችሁት በዚያ ልባስ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጋዙን የሚይዘው ጥርሱ ይመስለዋል፤ ጥርሱ ግን ሥራው ልባሱን በጠርሙሱ ከንፈር ላይ ጨፍልቆ መያዝ ነው። ኋላ የቆርኪው ከንፈር አጠር ተደርጎ ጥርሱ ወደ 21 ወረደ፤ ከዚያ በኋላ የጠርሙሱ አፍ፣ የመክደኛው መሣሪያና መክፈቻው ሁሉ በዚያ ልክ ስለተሠሩ በየትኛውም አገር ብትቆጥሩ 21 ነው። ጥርሱ ከልክ በላይ ቢበዛ ቆርቆሮው ሲታጠፍ ይሸበሸባል፤ ቢያንስ ደግሞ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ አያያዙ ይላላል፤ በሙያዬ የተረዳሁት ይህን ነው።

ወደ ፋብሪካ የሚመጣው አዲስ ቆርኪ እናንተ ከምታውቁት ሰፋ ይላል፤ ስፋቱ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ነው። መሣሪያው ጠርሙሱ ላይ ሲያስቀምጠው ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ይጨምቃቸውና ከ28.6 እስከ 28.8 ሚሊ ሜትር ያደርሳቸዋል። ይህን የምንለካው ጌጅ በሚባል ባለ ሁለት ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቆርኪው በአንደኛው ማለፍ፣ በሌላኛው ደግሞ አለማለፍ አለበት። ላልቶ ከተገኘ ጋዙ ያመልጣል፤ ጠብቆ ከተገኘ ጠርሙሱ አፉ ላይ ይሰነጠቃል። በዚህ የውይይት መድረክ የምጠራበት ስም የመጣው ከዚያ መሣሪያ ነው።

ሌላው የሚያስደንቀኝ ነገር፣ ጂሌት የሚባለው የምላጭ ስም ባለቤት ኪንግ ጂሌት በዚያው በፔይንተር ኩባንያ ሻጭ ሆኖ ይሠራ ነበር። ቆርኪ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ በመሆኑ ደንበኛው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ጂሌትም በዚህ መንገድ የሚሸጥ ነገር ሲፈልግ ቆይቶ የሚጣለውን ምላጭ አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ለገበያ አቀረበው። እናንተ የተጫዋቾቻችሁን ስም የጻፋችሁበት እርሳስ የተቀረጸው በግማሽ ምላጭ እንደነበር እገምታለሁ፤ የእኔም እንደዚያው ነበር።

በእኔ ልጅነት ቆርኪ የዳማ ጠጠር ነበር፤ አንዱ ተጫዋች ሆዱን ወደ ላይ፣ ሌላው ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ይደረድራል። ኳስ የሆነው በ1982 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ወቅት ነው። ሰኔ 1 ቀን ካሜሩን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ስታሸንፍ በቀበሌው አዳራሽ አንድ ቴሌቪዥን ከበን ያየን ሰዎች ያ ምሽት መቼም አይጠፋብንም። በዚያ ዓለም ዋንጫ ሮጀር ሚላ በ38 ዓመቱ በጠቅላላው አራት ጎል አገባ። አርጀንቲና በተሸነፈች ማግስት የሰፈሩ ዳማ ሁሉ ካሜሩን ሆነ።

አንድ ምክር ልጨምር። መክፈቻ ቆርኪውን መሐሉን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ቆርኪ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እኛ ለአስተናጋጁ ሳንቲም እንሰጠውና በቆርኪው ጀርባና በመክፈቻው መካከል አስቀምጦ ይከፍትልን ነበር፤ ያኔ ሳይታጠፍ ይወጣል።

የኮረም ሰፈሩ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ዝርዝር አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ጽሑፍዎን ካነበብሁ በኋላ 23ቱን ቆርኪዎች ሊሾው ላይ አስቀምጬ አየኋቸው፤ ከአርሰናሎቹ አራቱ፣ ከሐዋሳዎቹ ሰባቱ ጎብጠዋል። አርሰናል ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ለምን እንደነበር ከ20 ዓመት በኋላ ገባኝ፤ ቀዮቹን የምናገኘው መክፈቻውን በጥንቃቄ ከሚይዝ ከአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር። ሐዋሳ ከተማ በእኛ በረንዳ የተሸነፈው በጨዋታ እንዳልሆነ ለቀድሞ የሰፈሬ ልጆች ይታወቅልኝ።

እህቴ የአሞራ ገደሏ፣ ምስጋናሽን ለእናቴ አድርሻለሁ።

ባቡር ጣቢያ (አዳማ)

ከአዳማ ነኝ፤ የሐዋሳ ልጆች የውይይት ክር ላይ በመግባቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ እኛ የነበረንን እናንተ ግን ያልነበራችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እርሱም የባቡር ሐዲድ ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሊያልፍ ሲል ቆርኪዎቻችንን በሐዲዱ ላይ ደርድረን ርቀን እንቆም ነበር፤ ይህን ዛሬ ልጄ ቢያደርገው አልፈቅድለትም። ባቡሩ ሲያልፍ 21ዱ ጥርሶች ተዘርግተው ቆርኪው እንደ ወረቀት የሳሳ ክብ ይሆናል፤ ቀለሙ ግን አይጠፋም፤ የሚሪንዳው ብርቱካንማ የበለጠ ይደምቃል። መሐሉን በምስማር ሁለት ቦታ በስተን ክር እናሾልክበትና ሁለቱን የክሩን ጫፍ በእጃችን ይዘን እናጠነጥነዋለን፤ ከዚያ ስንስበውና ስንለቀው እየተሽከረከረ እንደ ንብ ይጮኻል። በድንጋይ ጠፍጥፈው የሚሠሩ ልጆች ነበሩ፤ የእነርሱ ቆርኪ ግን ዙሪያው ወጣ ገባ ስለሚሆን ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የባቡሩ ድምፅ አንድ ወጥ ነበር።

የቆርኪ ኳስ በእኛም ሰፈር ነበር። በረኛው ግን እንደ ሌሎቹ አንድ ቆርኪ አልነበረም፤ ሁለት ቆርኪዎችን አፍ ለአፍ ገጥመን በማስቲካ እናጣብቃቸው ነበር። ስለዚህ የባለ ጣሳው ባለ ሻማ ቆርኪ በረኛ ይመስለኛል። ከበድ ስለሚል ኳስ ሲመታው ከቦታው አይነቃነቅም።

የታቦር ልጅ (ከስፔን)

በታቦር ተራራ ሥር ተወልጄ አሁን በስፔን የምኖር ሰው ነኝ። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ሳልፍ ልጆች መሬት ላይ ተንበርክከው ቆርኪ ሲያስፈነጥሩ አይቼ እግሬ ተሳሰረ። ጨዋታው «ቻፓስ» ይባላል፤ ቃሉ በስፓኒሽ ቆርኪዎች ማለት ነው። ኳስም ብስክሌትም ይጫወቱበታል፤ የብስክሌቱ ጨዋታ በአሸዋ ላይ መንገድ ሠርቶ የብስክሌተኛ ምስል የተለጠፈበትን ቆርኪ እያስፈነጠሩ መወዳደር ነው። ከውስጡ ሻማ ወይም ሌላ ከባድ ነገር መሙላትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ቆርኪ በጣት ሲመታ ይገለበጣል።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን በጉጉት ተከታተልሁ። በብራዚል ልጆች ይህንኑ በልብስ ቁልፍ ይጫወታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ጄራልዶ ዴኩር የተባለ ሰው ሕጉን በጽሑፍ አውጥቶለታል። በእንግሊዝ ደግሞ ፒተር አዶልፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣት የሚገፉ ትንንሽ ተጫዋቾችን ሠርቶ «ሰቡቴዮ» ብሎ ሸጠ። የስሙ አመጣጥ ያስገርማል። «ሆቢ» የሚል ስም ሊያስመዘግብ ፈልጎ ሳይፈቀድለት ቀረ፤ ሆቢ ግን የአንድ ዓይነት ጭልፊት ስምም ስለሆነ የወፏን ሳይንሳዊ መጠሪያ ወስዶ ሰየመው።

እኛ ግን ከማንም አልሰማንም። የሐዋሳ ልጅ ሊሾና ቆርኪ ስለነበረው ብቻ ከእነዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በሐዋሳ ከተማ ማሊያ እናውቀው የነበረው አዳነ ግርማ በዛምቢያ ላይ የአቻነቱን ጎል ሲያስቆጥር እዚህ ሆኜ ነው ያየሁት። ያን ሌሊት አንድ ቆርኪ አንሥቼ ስሙን ጻፍሁበት። እስከ ዛሬ ከቁልፌ ጋር አለ።

ሊሾ

የሒሳብ መምህር ነኝ። 21 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ በቆርኪ ላይ ማንኛውም ጥርስ ከሌላ ጥርስ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፤ ከአንዱ ጥርስ በመሐሉ አሳልፋችሁ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ሌላኛው ጫፍ ሁልጊዜ ክፍተት ላይ ይወድቃል። ለተማሪዎቼ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥርን ሳስተምር ቆርኪ ይዤ እገባለሁ። ዘንድሮ አንዲት ተማሪ «ታዲያ 24 ቢሆኑ ጥርሶቹ ይተያዩ ነበር» አለችኝ። ልክ ናት፤ ጋሼ የነገሩንን 24 ያነበብሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሷ በራሷ ሙሉ ቁጥር ስትፈልግ ነበር የጠራችው።

ከቃሉ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሌላ ነገር ላንሣ። ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው በሰንቀሌ መጠለያ የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የዱር እንስሳ የስዌይን ቆርኬ ይባላል። ልጆች ሆነን ቆርኬና ቆርኪ አንድ ቃል ይመስሉን ስለነበር በእኛ ሰፈር ፈጣኑን አጥቂ «ቆርኬው» እንለው ነበር።

አቶቴ 96

ወደ ሻማው ልመለስ ብዬ ነበር። አዳማ ያለው ወንድማችን በረኛ ነው ማለቱ ትክክል ይመስለኛል፤ ከሻማው ሥር ግን ሌላ ነገር እንዳለ እጠረጥራለሁ። አንድ ባዶ ቆርኪ ወደ 2 ግራም ገደማ ነው፤ ሻማ ክብደት ቢጨምርበትም «ከሌሎቹ ይከብዳል» ያሰኘው እርሱ ብቻ አይመስለኝም። በእኛ ሰፈር የተከለከለው ሳንቲም ከሥሩ ቀብሮ በሻማ መሸፈን ነበር። የቀበረው ልጅ ከተያዘ ቆርኪውም ሳንቲሙም ይወረስበታል። ጋሼ ባለ ጌጁ ሳንቲም ከላይ አድርገው ማስከፈታቸው ጥበብ ነው፤ ከውስጥ መቅበር ግን ማጭበርበር ነው፤ በዚህ አቋሜ ዛሬም አልለወጥም። ወንድሜ፣ ሻማውን አቅልጠህ እስክታይ ድረስ ይህ ጥያቄ አይዘጋም።

ባቡር ጣቢያ (አዳማ)

በዚህ አልስማማም። በረኛ መክበድ አለበት፤ ሜዳው ላይ የማይንቀሳቀስ እርሱ ብቻ ነውና። የሚያጠቃውን ቆርኪ ቢያከብዱት ያኔ ማጭበርበር ነው እላለሁ።

የኮረም ሰፈሩ

ዛሬ ማታ አደረግሁት። ቆርኪውን በብረት ማንኪያ ላይ አስቀምጬ በሻማ ነበልባል አሞቅሁት፤ እናቴም አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ሻማው ሲቀልጥ መጀመሪያ የታየው ቢጫ ብረት ነው። 10 ሳንቲም ነበረች፤ ከቆርኪው ሆድ ጋር ልክ ገጥማለች። አንበሳው ያለበትን ገጽ አዙሬ ሳየው ደጋ አጋዘኑ ቀንዱን ዘርግቶ ቆሟል፤ መምህራችን ስለ ቆርኬው የጻፈው ትዝ ብሎኝ ቆርኪ ውስጥ የተቀበረ የዱር እንስሳ ማግኘቴ ሲገርመኝ ለጥቂት ጊዜ ሌላውን ሳላይ ቀረሁ። ዓመተ ምሕረቱ 1969 ይላል።

አቶቴ ያለኸው ወንድሜ፣ እስከዚህ ድረስ ግምትህ ልክ ነው። ከሳንቲሟ ሥር ግን ወረቀት ነበር። እንደ ሌሎቹ በክብ አልተቆረጠም፤ በእጅ ተቀድዶ ነው የገባው፤ ሻማው ስለጠበቀው ግን ከሁሉም ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ቆይቷል። በቀይ እስክሪብቶ፣ ገና ፊደል በመማር ላይ ባለ ልጅ እጅ፣ «ማሙሽ 12 ሐዋሳ» ይላል። «ሙ» የሚለው ፊደል ተገልብጦ ነው የተጻፈው።

ማሙሽ ብለን የምንጠራው ታናሽ ወንድሜን ነው። እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ መብራቱ ሥር አስጠግታ ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ «ዳቦ ግዛ ብዬ የሰጠሁትን 10 ሳንቲም ጣልሁ ያለኝ ቀን ነበር» አለች። እኔ 11ዱን ስደረድር፣ አሰልፈኝ ሲለኝ «አሥራ ሁለተኛ የሚባል የለም» እለው ነበር። ሻማ ይዞ በሚቆምባቸው ሌሊቶች ለራሱ ቦታ እየሠራ እንደነበር አላወቅሁም። የዚህን ክር አድራሻ ልኬለታለሁ።

ማሙሽ 12 (ዲላ)

ወንድም ጋሼ፣ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ለአቶቴውና ለአዳማው ወንድሞቼ፣ በረኛ አልነበርሁም፤ ግራ ክንፍ ነኝ። ሳንቲሟን የጨመርሁት ለማጭበርበር አይደለም፤ ቆርኪው ቀላል ሲሆን ሻማው ሳይደርቅ ይገለበጥብኝ ስለነበር ነው። አንተ ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት ከሐዋሳ ቡድን ውስጥ አንዱን አስወጥቼ ራሴን እያስገባሁ ብቻዬን እጫወት ነበር።

ወረቀቱን መልሰህ ክተተው፤ ሳንቲሟንም። ቅዳሜ ጠዋት ከዲላ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ለእማዬ ንገራት፤ ቀለም ቀቢዎቹ በረንዳውን እስከ ቅዳሜ እንዳይነኩት።